አሮጌ ማሽን ሲገዛ፦ ምኑ ያርጅ፣ ምኑ አይርጅ

«ቆራሌዎ!» የሚለው ጥሪ በጉለሌ ሰፈሮች የተለመደ ነው። ቆራሌው ከየቤቱ ለቃቅሞ ከሚገዛው ብረታ ብረት ብዙው መጨረሻው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው። እዚያ በርሜል ተቆርጦ የከሰል ምድጃ፣ የመኪና ጎማ ተቀዶ በርባሶ ይሆናል። ከክምሩ መሀል አሮጌ ግራይንደርና ኮምፕረሰርም አይጠፋም። በግቢው ጥግ ትንሽ ወርክሾፕ ሊያቋቁም ያሰበ ሰው የአዲሱ ዋጋ ሲከብደው ወደዚያው ይወርዳል።

ደግሞም አይሳሳትም። ወፍራም የብረት አካልና የመዳብ ጥቅል ያለው ሞተር ኩሽኔታው፣ ካርቦኑና ቺንጋው ከተለወጠለት ገና ብዙ ዓመት ይሠራል። ችግሩ የማሽን ክፍል ሁሉ እርጅናው አንድ አለመሆኑ ነው። ሞተር ሲያረጅ ሥራ ያቆማል፤ ዲስክና የአየር ታንከር ሲያረጁ ግን ሰው ይጎዳሉ። ገዢው ይህን ለይቶ ካላወቀ በርካሽ ያገኘው ዕቃ በጣም ውድ ሊሆንበት ይችላል።

ለጉለሌ የብረት ሥራ እንግዳ አይደለም። ቀጨኔ ከሸክላ ሠሪዎቿና ከሸማኔዎቿ ጋር ብረት ቀጥቃጮችንም ያኖረች ሰፈር ናት። ቀጥቃጩ በወናፍ እሳቱን ያናፋል፣ በሞረድ ስለቱን ያወጣል፤ አየርና ድንጋይ ያኔም የሙያው ዋና መሣሪያዎች ነበሩ። ሙያተኛው ግን በሥራው ይሰደብ ስለነበር ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ስድቡን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ዛሬ ብዙው ወርክሾፕ የሚሠራበት በእጅ የሚያዘው ግራይንደር የመጣው ከዚያ በጣም ዘግይቶ ነው፤ ጀርመን ውስጥ የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው።

ሻጩ ማሽኑን ሰክቶ ከማስጮኹ በፊት መነበብ ያለበት በጎኑ የተለጠፈው ሰሌዳ ነው። የቤታችን መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ማሽን ግን አብዛኛውን ጊዜ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይላል፤ በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ቢያወርድለትም ኸርዙን አይለውጥም። ካርቦን ያለው የእጅ ግራይንደር ለዚህ ብዙም ግድ የለውም። ጠረጴዛ ላይ የሚታሰረውና ካርቦን የሌለው ግን ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፣ ሞተሩም ይግላል። ሰሌዳው 380 ቮልት ካለ ደግሞ ማሽኑ ከፋብሪካ የወጣ ስሪ ፌዝ ነውና በተራ የቤት ቆጣሪ አይነሳም።

ቀጥሎ ማሽኑ ሳይሰካ ዘንጉን በእጅ ማዞር ነው። ከውስጥ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል፤ ይህ ዋጋ ለመቀነስ እንጂ ለመተው ምክንያት አይሆንም። ሲነሳ በካርቦኑ አካባቢ ጥቃቅን ሰማያዊ ብልጭታ መታየቱ የተለመደ ነው። እሳቱ ክብ ሠርቶ የሚዞር ከሆነ ግን ሞተሩ ራሱ ተጎድቷል።

ከማሽኑ ጋር «ምርቃት» ተብሎ የሚሰጥ አሮጌ ዲስክን አለመቀበል ይሻላል። ዲስኩን የያዘው ሙጫ እርጥበት ይጎዳዋል፤ በመሀሉ ባለው የብረት ቀለበት ላይ የታተመው ቀንም የመጠቀሚያ ጊዜው ማብቂያ ነው፣ በተለምዶ ከተመረተ ሦስት ዓመት። ከዚህ የባሰው ጥፋት መከላከያውን ፈትቶ በትንሽ ግራይንደር ላይ ትልቅ ዲስክ ማሰር ነው። ባለ 115 ሚሊ ሜትር ዲስክ በደቂቃ እስከ 13,300 ዙር ሲፈቀድለት ለባለ 230ው የተፈቀደው 6,600 ገደማ ብቻ ነው። ትልቁ በደቂቃ 11,000 በሚዞር ትንሽ ማሽን ላይ ሲታሰር ጠርዙ በሰዓት ከ470 ኪሎ ሜትር በላይ ይበርራል። በዚያ ፍጥነት የተሰበረ ዲስክ ቁራጩ ፊት ላይ ሲደርስ ዓይን ለመጨፈን እንኳ ጊዜ አይሰጥም።

የኮምፕረሰር አደጋ ደግሞ ድምፅ የለውም። አየር ሲታመቅ በውስጡ የነበረው እርጥበት ውሃ ሆኖ ታንከሩ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል፤ በክረምት፣ የእንጦጦ ጭጋግ ወደ ሰፈሩ ሲወርድ፣ መጠኑ ይበዛል። ውሃው ካልተለቀቀ ታንከሩ ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋል። ውጪው አዲስ ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቅ ይሆናል። ስለዚህ ገዢው ጎንበስ ብሎ ከሥር ያለችውን ማፍሰሻ ይፍታ፦ የሚወጣው ውሃ ቀይ ከሆነና የዝገት ቅርፊት ከያዘ ታንከሩ ሳስቷል። ሆዱ ላይ የብየዳ ጥጋን ካለ ድርድሩ እዚያው ላይ ማብቃት አለበት።

አስተማማኙ ምርመራ በውሃ ነው። ታንከሩ አየር እንዳይቀርበት ጢም ብሎ በውሃ ይሞላና በእጅ ፓምፕ ግፊቱ ከሚሠራበት አንድ ተኩል እጥፍ ድረስ ይጨመራል፤ በ8 ባር የሚሠራው በ12 ባር ይፈተናል ማለት ነው። ውሃ እንደ አየር ስለማይታመቅ የሳሳው ቦታ ቢሰነጠቅ ያፈስሳል እንጂ አይፈነዳም። የደህንነት ቫልቩን ግን አሮጌውን ከመመርመር በአዲስ መተካት ይቀልላል።

ጉለሌ ላይ አንድ ሌላ ነገር አለ፦ ከፍታው። ከእንጦጦ ሥር ያለው ሰፈር ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ባለ 50 ሊትር ታንከር 8 ባር እንዲደርስ በባሕር ዳርቻ 400 ሊትር አየር ሲበቃው እዚህ ከ530 ሊትር በላይ መሳብ አለበት። ብዙ ሰው ኮምፕረሰሩ ቶሎ አልሞላ ሲለው ፒስተኑ አልቋል ብሎ ያስፈታዋል፤ ሳይፈታ በፊት የአየሩን መሳሳት ማሰብ ይገባል። ሳስቶ የሚነፍሰው አየር ሞተሩንም በደንብ አያቀዘቅዘውም። በር ቀለም የሚረጭ ሰው በየመሀሉ ማሳረፍ አለበት።

ሥራ ሲያልቅ ግፊቱን ለቅቆ ውሃውን ማፍሰስ የየዕለት ግዴታ ነው። በአየሩ ልብስ ላይ ያለ አቧራ ማራገፍም የተለመደ ቢሆንም መቅረት ያለበት ልማድ ነው፤ የታመቀ አየር ብናኝን ዓይን ውስጥ ሊተክል ይችላል። ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤቶች ባሉበት ግቢ ደግሞ ጩኸቱን በቀን ሰዓት መወሰን ግድ ነው።

በውሃው ፈተና የወደቀ ታንከር ቢኖርም ግዢው ሁሉ ከንቱ አይሆንም። ፓምፑና ሞተሩ ተፈትተው ደህና ታንከር ላይ ይታሰራሉ። የወደቀው ታንከር ግን ሌላ ሰው ቀለም ቀብቶ ዳግም እንዳይሸጠው፣ ግፊቱ ሙሉ በሙሉ ከተለቀቀ በኋላ፣ በትራፓኖ ተበስቶ ለቆራሌው መሰጠት አለበት።