ሃሽና አመልካቹ

ፐርል በሚባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ፥ ሃሽ ማለት ቁልፍን ከዋጋው ጋር አጣምሮ የሚይዝ መዝገብ ነው። አመልካች ግን መዝገቡ የሚገኝበትን ስፍራ ይናገራል እንጂ መዝገቡ ራሱ አይደለም። ላሪ ዎል ቋንቋውን ያወጣው በ1987 እ.ኤ.አ. ሲሆን፥ አመልካች የገባው በ1994 በአምስተኛው እትም ነው።

አንባቢ ሆይ፥ ጥቅሙን ከሰፈራችን ላስረዳ። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ብዙው ክፍል ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ፥ ጓደኞቼ ወደየአቅጣጫው ሄዱ። ለእያንዳንዳቸው «ሰፈር» የሚል ቁልፍ ያለው ሃሽ አበጅቻለሁ። አንዱ ልጅ በክፍሉም፥ በኳስ ቡድኑም፥ በቂርቆሱ የጥናት ማኅበርም ዝርዝር ውስጥ አለ። ሃሹ በየዝርዝሩ ቢገለበጥ፥ አንዱ ሲታረም ሌሎቹ «ካዛንቺስ» እንዳሉ ይቀራሉ፤ ልጁ ግን ከዚያ የለም! ስለዚህ በየዝርዝሩ ያኖርሁት አመልካቹን ብቻ ነው። አመልካቹን ለማግኘት በሃሹ ስም ፊት ወደ ኋላ ያዘነበለ ጭረት ይጻፋል፤ በእርሱ በኩል ዋጋውን ለማንበብ ወይም ለመለወጥ ደግሞ የቀስት ምልክት። «ሰፈር» አንድ ጊዜ ሲለወጥ በሦስቱም ይታያል።

ነገር ግን አመልካቹን መገልበጥ ሃሹን መገልበጥ አይደለም። የድሮውን አድራሻ ማቆየት የሚሻ፥ ከመለወጡ በፊት ይዘቱን በጥምዝ ቅንፍ ውስጥ ዘርግቶ ሌላ ሃሽ ማበጀት አለበት። እኔም የሦስት ጓደኞቼን የካዛንቺስ አድራሻ እንዲሁ አስቀርቻለሁ።