ውፍረትና የወገብ አጥንት ቀዶ ጥገና፦ ከኋላ፣ ከጎን ወይስ ከፊት?



ሐኪም «ወገብዎ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል» ያላቸው ወፈር ያሉ እናቶችና አባቶች መድኃኒት ቤት ሲመጡ «በትንሽ ቀዳዳ የሚሠራ አለ ይባላል፤ ለእኔ ይሆነኛል?» ብለው ይጠይቃሉ። በዚህ ወር ይህንኑ እንመለከታለን።

ነርቭ የተጫነውን የዲስክ ቁራጭ ብቻ ማውጣት አንድ ነገር ነው። ሁለት የአከርካሪ አጥንቶችን በብሎንና በብረት ዘንግ አስሮ አንድ አጥንት ሆነው እንዲያድጉ ማድረግ ግን ሌላ ነው፤ የምናወራው ስለዚህኛው ነው። የሚታሰበውም አንዱ አጥንት በሌላው ላይ ሲንሸራተት ወይም አከርካሪው ሲጣመም ነው። ወገብ ስላመመ ብቻ አይሠራም። በአገራችን ይህ ሕክምና ይበልጥ የታወቀው ዶክተር ሪክ ሆድስ አዲስ አበባ ላይ መርምረው ወደ ጋና በላኳቸው ጀርባቸው የጎበጠ ልጆች ነው። እነዚያ አብዛኞቹ ቀጫጭኖች ነበሩ። ውፍረት የኋላ እንግዳችን ነው፤ በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸው ሴቶች በ1992 ዓ.ም ከመቶ 3 ነበሩ፣ በ2008 ዓ.ም 8 ደረሱ።

ከኋላ በሰፊው ተከፍቶ የሚሠራው የቆየው ነው። ሐኪሙ ጡንቻውን ከአጥንቱ አላቆ ወደ ጎን ይገፋል። በወፍራም ሰው አጥንቱ በጥልቀት ስለሚገኝ ቁስሉ ይረዝማል፣ ደሙም ይበዛል። በዚያ ላይ ስብ የደም ሥሩ ጥቂት ስለሆነ ቁስሉ ቶሎ አይገጥምም፣ መመርቀዝም ይቀናዋል።

በትንሽ ቀዳዳ የሚሠራው ጡንቻውን በቱቦ ገለጥ አድርጎ ያልፋል። ወፍራም ሰው የሚጠቀመው እዚህ ላይ ነው፤ ቱቦው ይረዝማል እንጂ ቀዳዳው ብዙም አይሰፋም። የሚፈሰው ደምና የቁስሉ መመርቀዝ ይቀንሳል፣ ታካሚውም ከአልጋ ቶሎ ይነሣል። ነገር ግን ሐኪሙ ብሎኑን የሚያስገባው በራጅ እየተመራ ነው፤ በወፍራም ሰውነት ራጁ ይደበዝዛል፣ ጨረሩም ይጨምራል። ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ በሕመሙ መቀነስ ሲመዘኑ ሁለቱ ብዙም አይለያዩም። ስለ «ትንሿ ቀዳዳ» የሚወራውን ሁሉ አትመኑ።

በጎን የሚሠራውም አለ። ታካሚው በጎኑ ሲተኛ ሆዱ ወደ ፊት ስለሚወድቅ መንገዱ ይቀላል። ሆኖም የመጨረሻውን የታችኛውን መገጣጠሚያ የዳሌ አጥንት ይከልለዋል፤ ለጊዜው ጭን የሚደነዝዛቸውም አሉ። በሆድ በኩል መግባት ደግሞ ትላልቅ የደም ሥሮችን ገፍቶ ማለፍ ስለሚጠይቅ ቦርጭ ላለው ሰው ይከብዳል።

ከመርጡለ ማርያም የሚጻፈው ሪፈር ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር፣ ብዙ ጊዜም አዲስ አበባ ድረስ ይወስዳል። እዚያ ስትደርሱ ሐኪሙን «እርስዎ ደጋግመው የሠሩት የትኛውን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እጁ በደንብ በለመደው ሰፊ ቁስል መታከም፣ ባልለመደው ትንሽ ቀዳዳ ከመታከም ይሻላል ባይ ነኝ።

በእናንተ እጅ ያለው ዝግጅቱ ነው። ስኳር ካለባችሁ ሳይስተካከል አትግቡ። ሲጋራና ሺሻ አጥንቱ እንዳይገጥም ያደርጋሉ፤ ከሳምንታት በፊት ይቁም። ስትተኙ የምታንኮራፉና ትንፋሽ የሚቆራረጥባችሁ ከሆነ ለማደንዘዣ ባለሙያው ንገሩ። አስፕሪንና ሌሎች ደም የሚያቀጥኑ መድኃኒቶችን ሐኪም ሳያዝ በራሳችሁ አታቋርጡ። ያለ ማዘዣ የሚወሰደው ዴክሳሜታዞን ደግሞ ሕመሙን ለጊዜው ቢያስታግስም ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ ክብደት ይጨምራል፣ አጥንት ያሳሳል፤ ለቀዶ ጥገና ለሚዘጋጅ ሰው ሦስቱም ጠላት ናቸው። ዲክሎፌናክን ለወራት በተከታታይ መዋጥም ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል።

ስለ ሰላት ብዙዎች ይጨነቃሉ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሐኪሙ ለሳምንታት ማጎንበስን ይከለክላል፤ ስለዚህ ሩኩዕና ሱጁድ በወንበር ላይ በምልክት ይደረጋሉ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለታመመው ሶሐባ ለዒምራን ኢብኑ ሑሰይን መቆም ያልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያልቻለ በጎኑ ተኝቶ እንዲሰግድ አስተምረዋል። ዝርዝሩን ኢማማችሁን ጠይቁ፤ መቼ ወደ መሬት እንደምትመለሱ የሚነግራችሁ ግን ሐኪሙ ነው።

ቀጠሮ የማይጠብቅ ነገርም አለ። ሽንት እምቢ ካለ ወይም ካመለጠ፣ በመቀመጫና በብልት አካባቢ መደንዘዝ ከተሰማ፣ እግር ድንገት ከከዳ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል ሂዱ።