ስለ ጄኔሬተር አየር ማጣሪያ አያያዝ

መብራት በጠፋ ጊዜ ሥራቸው እንዳይቋረጥ ጄኔሬተር ያቆሙ ዳቦ ቤቶች፣ ሆቴሎችና ወፍጮ ቤቶች ብዙዎች ናቸው። ባለንብረቶቹ የናፍጣውንና የዘይቱን ነገር በሚገባ ይከታተላሉ። ስለ አየሩ ግን እምብዛም አይታሰብም፤ ምናልባት በገንዘብ የማይገዛ ስለ ሆነ ይሆናል።

ይሁን እንጂ አንድ ሊትር ናፍጣ በሞተር ውስጥ እንዲቃጠል ከ10,000 ሊትር የማያንስ አየር ያስፈልገዋል፤ ይህም ሁሉ የሚያልፈው በማጣሪያው ነው። ከፍታው ከ2,300 ሜትር በሚበልጠው በአዲስ አበባ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ፣ ሞተሩ ቀድሞውኑ ትንፋሽ ያጥረዋል። በዚህ ላይ ማጣሪያው በአቧራ ሲደፈን ጢሱ ይጠቁራል፤ የናፍጣው ወጪ ይበዛል፤ ኃይሉም ይቀንሳል።

ከተደፈነው ይልቅ የሚከፋው የተቀደደው ማጣሪያ ነው። የተደፈነው በጢሱ ያስታውቃል። በቀዳዳ የሚገባው አቧራ ግን ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ሲሊንደሩንና የፒስተን ቀለበቶቹን እንደ ሞረድ በዝምታ ይበላል። ባለቤቱ የሚነቃው ሞተሩ ዘይት መጠጣት ሲጀምር ነው፤ ያን ጊዜ የሚከፈለው የማጣሪያ ዋጋ መሆኑ ቀርቶ ሞተሩን አውርዶ የማደስ ዋጋ ይሆናል።

በአጸዳዱም ረገድ ብዙ ስሕተት ይታያል። የወረቀቱን ማጣሪያ ከግድግዳ ጋር ማጋጨት የተለመደ ነው፤ ጎሚስታ ዘንድ ወስዶ በጎማ መንፊያው ሙሉ ግፊት ማስነፋትም እንዲሁ። የመጀመሪያው ጠርዙን ያጣምማል፣ ሁለተኛው ወረቀቱን ይበሳል። ብዙ የሞተር ፋብሪካዎች መለወጥን እንጂ ማስነፋትን አይመክሩም። የግድ ከሆነ ግን ግፊቱ ከ2 ባር ሳይበልጥ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ይነፋ፤ ከዚያም በጨለማ ክፍል አምፖል በውስጡ አብርቶ መመርመር ያስፈልጋል። የመርፌ ቀዳዳ ያህል ብርሃን ያሳየ ማጣሪያ ይጣላል። በትልልቅ ሞተሮች ከዋናው በስተውስጥ የሚገኘው ሁለተኛው ማጣሪያ ከቶ አይጸዳም፤ ይለወጣል።

በአነስተኛ የቤንዚን ጄኔሬተሮች ላይ ያለው ስፖንጅ በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ ይታጠባል፤ በሚገባ ከደረቀ በኋላ ንጹሕ የሞተር ዘይት ተነክሮ፣ ሳይጠመዘዝ በእጅ ይጨመቃል። በቤንዚን ማጠብ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል የተከለከለ ነው።

ለወፍጮ ቤቶች የጄኔሬተሩ ሥፍራ ራሱ ሊታሰብበት ይገባል። ዱቄቱ በሚቦንበት ክፍል የቆመ ሞተር ማጣሪያው ቶሎ ቶሎ ይደፈናል፤ ስለዚህ የዱቄቱ ብናኝ ከማይደርስበት፣ ዝናብም ከማያገኘው የተለየ መጠለያ ሥር ማቆሙ ይመረጣል።