ከቦሌ እስከ ዱባይ፤ የአውሮፕላኑ ሰዓትና የነጋዴው ሰዓት

ከአዲስ አበባ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ዱባይ ያለው የአየር ርቀት 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውሮፕላን ይህን መንገድ በ4 ሰዓት ግድም ይፈጽመዋል። ነገር ግን የዱባይ ሰዓት የአዲስ አበባን በ1 ሰዓት ስለሚቀድም፣ ከጧቱ በ2 ሰዓት ከቦሌ የተነሣ ነጋዴ ዱባይ የሚገባው ከቀኑ በ7 ሰዓት ነው። በትኬት ላይ የሚጻፈውም የየአገሩ ሰዓት ነው።

ጉዞው በዓርብ ቀን የሆነ እንደ ሆነ ችግሩ ይበረታል። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የኤሚሬቶች የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ዓርብ በቀትር ይዘጋሉ፤ ቅዳሜና እሑድም ዕረፍት ናቸው። ስለዚህ በእነዚህ መሥሪያ ቤቶች ጉዳይ ያለው ነጋዴ እስከ ሰኞ መጠበቅ ግድ ይሆንበታል።

የቀዘቀዘ የበግና የፍየል ሥጋ ላኪዎች ደግሞ ይህን ሒሳብ አጥብቀው ሊይዙት ይገባል። ከሞጆ ቄራ እስከ ቦሌ ያለው 70 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፣ የመጫኛውና የማራገፊያውም ቆይታ በበረራው ላይ ይደመራል። ሥጋ የሚበላሸው ከታረደበት ጊዜ ጀምሮ በሚያልፈው ሰዓት ሁሉ እንጂ በበረራው 4 ሰዓት ብቻ አይደለም። እንግዲህ ለደንበኛ ቀን ከመቍረጥ በፊት፣ ዕቃው ከሚደርስበት ሰዓት ወደ ኋላ መቍጠር የብልህ ነጋዴ ሥራ ነው።