ልጅዎ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነው? ከፈተናው በፊት የሚነገር ቃል አለ

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ቤተሰቡ ተኝቷል፤ ከልጅዎ ክፍል በር ሥር ግን አሁንም ብርሃን ይታያል። ሻይ ይዘው ይገባሉ። ልጅዎ የፊዚክስ መጽሐፉ ላይ አቀርቅሯል፤ የተገለጠው ገጽ ግን ከአንድ ሰዓት በፊት ያዩት ያው ገጽ ነው። ምን ይሉታል? «በርታ ልጄ፣ ተስፋችን አንተ ነህ» ነው የሚሉት? ወይስ «የእነ እንትና ልጅ እኮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያጠናል» ብለው ይጀምራሉ?

ውድ አንባቢ፣ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ካለዎት ይህ ጥያቄ በየምሽቱ ይገጥምዎታል። ፊዚክሱን እርስዎ ሊያስረዱት ባይችሉም፣ ልጁ የሚያጠናበትን ቤት መንፈስ የሚወስኑት ግን እርስዎ ነዎት።

ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ

ብዙዎቻችን «ማትሪክ» እያልን የምንጠራው ፈተና ዛሬ በእኛ ጊዜ እንደነበረው አይደለም። በ2008 ዓ.ም ፈተናው አስቀድሞ ወጥቶ በማኅበራዊ ሚዲያ በመሰራጨቱ ተሰርዞ እንደገና መሰጠቱን ያስታውሳሉ። ስርቆትንና ኩረጃን ለመከላከል ሲባል ከ2014 ዓ.ም ተፈታኞች ጀምሮ ተማሪዎች ከቤታቸው ርቀው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እየገቡ መፈተን ጀመሩ።

ከዚያ ወዲህ የታየው ውጤት ለማንም ወላጅ አስደንጋጭ ነው። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ቁጥሩ ከፍ እያለ ቢመጣም በ2017 ዓ.ም እንኳ ከአሥር ተፈታኞች ከዘጠኝ በላይ የሚሆኑት ግማሹን አላገኙም።

ይህን ያነሳነው ልናስፈራራዎ አይደለም። ያ ሁሉ ልጅ ሰነፍ ሊሆን አይችልም። መጽሐፍ ያልደረሰው፣ የትምህርት ዓይነቱ መምህር ያልነበረው፣ ቤተ ሙከራን በስም ብቻ የሚያውቅ ተማሪ ብዙ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ለወላጅ ሁለት ነገር ይነግረዋል። አንደኛ፣ ዝግጅቱ ከመስከረም መጀመር አለበት። ሁለተኛ፣ ግማሹ ባይመጣ በቤታችሁ ምን እንደሚሆን ልጁ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

የፈራ ልጅ ይደብቃል

ለልጅዎ መነገር ያለበት ቃል አጭር ነው፦ «አቅምህን ስጥ። የመጣው ውጤት ይምጣ፣ ልጄ ነህ። ወደ ቤትህ ትመጣለህ፣ ቁጭ ብለን ቀጣዩን እንመክራለን።» ይህን ቃል ውጤት ከወጣ በኋላ መናገር ማጽናኛ ብቻ ነው። ከፈተናው በፊት ሲነገር ግን ለልጁ ስንቅ ይሆነዋል።

«እንዲህ ካልኩትማ ይዘናጋል» ብለው ይሰጉ ይሆናል። ነገሩን ግን በልጁ ዓይን ይዩት። አባቱ «ካላለፍክ ዓይኔን እንዳታይ» ያለው ልጅ በሞዴል ፈተና ሂሳብን ከመቶ 28 ቢያመጣ ወረቀቱን ምን የሚያደርገው ይመስልዎታል? ከቦርሳው ሥር ይወሽቀዋል። ጥር ላይ ሊታወቅና ሊታገዝ ይችል የነበረው ድክመት ወላጅ ዘንድ የሚደርሰው ውጤቱ ሲወጣ ነው። 28ቱን ይዞ ሳሎን መግባት የሚችል ልጅ ግን እርዳታ ያገኛል። ስለዚህ ቃሉ ልጁን አያዘናጋውም፤ ይልቁንም ስለ ጥናቱ እውነቱን እንዲነግርዎ ያደርገዋል።

ዘመድንም ያስቡ። አረብ አገር ሠርታ የትምህርት ቤቱን ክፍያ የምትልክ አክስት ስትደውል «እንዴት ነው፣ ዶክተራችን ደረሰ?» ማለቷ ከፍቅር ነው። ለልጁ ግን እያንዳንዱ ጥሪ እንደ ዕዳ ማስታወሻ ነው። አክስትዬውን ለብቻዋ ያነጋግሯትና «ስትደውዪ ስለ ፈተናው አትጠይቂው፣ ስለ ኳሱ ጠይቂው» ይበሏት። ከጎረቤትና ከታላቅ እህቱ ጋር ማወዳደርም እንደዚሁ ይቅር።

ፊዚክስ ባያውቁም ማገዝ ይችላሉ

«እኔ አልተማርኩ፣ ምን ልርዳው?» የሚሉ እናቶችና አባቶች አሉ። ለዚህ እገዛ ዲግሪ አያስፈልግም።

ከመመርመር ይጀምሩ። ልጅዎ ያለፉት ዓመታት የፈተና ጥያቄዎችን ሰዓት ይዞ ይሥራ፣ ራሱ ያርም። ከዚያ «ይህን አውቀዋለሁ፣ ይህን ረስቼዋለሁ፣ ይህን ጭራሽ አልተማርኩትም» ብሎ ርዕሶቹን በሦስት ይክፈላቸው። የጥናት ፕሮግራሙ ከዚህ ዝርዝር ይወጣል። ፕሮግራሙን እሱ ራሱ ያውጣው፤ የእርስዎ ድርሻ ግድግዳ ላይ የሚለጥፍበትን ቦታ መስጠት ነው። ፈተናው የትኞቹን የክፍል ደረጃዎች እንደሚሸፍንም ከትምህርት ቤቱ ጠይቀው ያረጋግጡ።

ያነበቡትን ደጋግሞ ማንበብ የሚያውቁ ያስመስላል እንጂ ብዙም አያስጨብጥም። መጽሐፉን ዘግቶ የሚያስታውሱትን በወረቀት መጻፍ፣ ወይም ለሌላ ሰው ማስረዳት ይበልጥ ይጠቅማል። እርስዎ የሚገቡት እዚህ ላይ ነው። ሽንኩርት እየከተፉ «እስቲ ዛሬ ያነበብከውን ንገረኝ» ይበሉት። ባይገባዎትም ይስሙ። ሲያስረዳ የሚደናቀፍበት ቦታ ነገ የሚያጠናው ነው። አንድን ርዕስ በአንድ ሌሊት ከመጨረስም በተለያዩ ቀናት እየተመለሱ መከለስ የተሻለ ይቆያል።

«አጠናህ?» የሚለውን ጥያቄ ይተዉት፤ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። «ዛሬ የቱ አስቸገረህ?» ብለው ይጠይቁት። አስጠኚ መቅጠር ከቻሉ ለደከመበት ትምህርት ብቻ ይሁን። ከትምህርት ቤት ወደ ማጠናከሪያ፣ ከማጠናከሪያ ወደ አስጠኚ ሲሮጥ የሚውል ልጅ ለብቻው የሚያጠናበት ሰዓት አይተርፈውም።

እንቅልፍም ጥናት ነው

በአሥራዎቹ ዕድሜ የሚገኝ ልጅ በቀን ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። አንጎል ቀን የተማረውን የሚያደላድለው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተቀምጦ በማግስቱ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ልጅ ከሁለት ያጣ ነው። በዚህ ዕድሜ እንቅልፍ ዘግይቶ መምጣቱ ተፈጥሯዊ ስለሆነ «ስንፍና ነው» ብለው አይፍረዱበት፤ የመኝታ ሰዓቱ ግን በየቀኑ አንድ ዓይነት ይሁን።

ከሰዓት በኋላ የተጠጣ ጠንካራ ቡና ማታ እንቅልፍ ይነሳል። «ለጥናት ያነቃል» እየተባለ የሚቃመው ጫትም እንደዚሁ እንቅልፍ ያሳጣል፤ ሱስም ሆኖ ይቀራል። ልጅዎ መጀመሩን ከጠረጠሩ ሳይጮኹ ይጠይቁት።

ስልክን መንጠቅ ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ የጥናት ጽሑፎቹና ቡድኖቹ ቴሌግራም ላይ ናቸውና። ከዚያ ይልቅ የቤቱ ስልክ ሁሉ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ሳሎን ቻርጅ ላይ ይደር። የእርስዎም ጭምር።

የልጅቷን ሰዓት ይቁጠሩ

ተፈታኟ ሴት ልጅ ከሆነች አንድ ሳምንት ሙሉ ቤት ውስጥ የምትሠራበትን ሰዓት በወረቀት ይመዝግቡ። እንጀራ መጋገሩን፣ ቡና ማፍላቱን፣ ታናናሾቿን ማጠቡን፣ እንግዳ ማስተናገዱን ሁሉ። ወንድሟ ሲያጠና የቆየበትን ሰዓት እሷ ምጣድ ሥር አሳልፋው ሊሆን ይችላል። ዘንድሮ ሥራው ለሁሉም ይከፋፈል። «እሷ ጎበዝ ናት፣ ትችላለች» የሚል ምስጋና ሰዓቷን አይመልስላትም።

ቤቱ አንድ ክፍል ከሆነ ጸጥታ ማግኘት ይከብዳል። ቢሆንም በቀን ሁለት ሰዓት ቴሌቪዥን የሚጠፋበት፣ እንግዳ የማይጠራበት ጊዜ መወሰን ይቻላል። የትምህርት ቤት ወይም የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ ቀን ቀን ባዶ የሚሆን የዘመድ ቤትም መላ ነው።

ግቢ ከመግባታቸው በፊት

ለብዙ ልጆች የፈተናው ሰሞን ከእናት ቤት ውጪ የሚያድሩበት የመጀመሪያ ጊዜ ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚሰጠው ከሆነ ከማያውቋቸው ልጆች ጋር አንድ ክፍል ይተኛሉ፣ በሰልፍ ይመገባሉ፤ ስልክ ይዞ መግባትም አይፈቀድም። ስለዚህ አስቀድመው ያለማምዷቸው። አልጋቸውን ራሳቸው ያንጥፉ፣ ልብሳቸውን ይጠቡ፣ ጥቂት ቀን ዘመድ ቤት ይደሩ።

ሻንጣውን አብረው ያዘጋጁ። የመፈተኛ ካርድና መታወቂያ፣ አንሶላና ብርድ ልብስ፣ ለክረምቱ ወፍራም ልብስ፣ ሳሙና፣ የሻንጣ ቁልፍ፣ መነጽር ካለ መነጽር፣ አስም ወይም ሌላ ሕመም ካለ መድኃኒቱ አይረሳ። ለሴቶች ልጆች የወር አበባ ቀን ባይሆንም ሞዴስ ይያዝ፤ በጭንቀት ጊዜ ቀኑ ሊዛባ ይችላል። መያዝ የሚከለከለውን ከትምህርት ቤቱ በዝርዝር ይጠይቁ። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ የተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒዩተር ስለሚፈተኑ ልጅዎ ከእነሱ አንዱ መሆኑንም ይወቁ። ማውስ ነክቶ የማያውቅ ልጅ በፈተናው ቀን እንዳይጀምር ኢንተርኔት ቤትም ቢሆን ወስደው ያለማምዱት።

የሰኔ ጾም ከፈተናው ጋር ከገጠመም አስቀድመው ከልጅዎና ከንስሐ አባታችሁ ጋር ይነጋገሩ። መኪናው ዘንድ ሲሸኙት ምክር አያብዙ። ያንኑ የመስከረሙን ቃል ይድገሙለት፤ ይበቃዋል።

ውጤቱ የወጣ ምሽት

ውጤት ዛሬ በድረ ገጽ፣ በአጭር የጽሑፍ መልእክትና በቴሌግራም ይታያል። ያን ምሽት ቤት ይሁኑ። ልጅዎ ብቻውን ክፍሉን ዘግቶ እንዳያየው፣ ከፈቀደ አብረውት ይዩ። ለዘመድ የሚነግረውም እሱ ራሱ ይሁን።

ውጤቱ ካሰባችሁት በታች ቢሆን በመጀመሪያው ሰዓት ዕቅድ አያውጡ፤ «ብዬህ ነበር» የሚለውን ደግሞ ጨርሶ አይናገሩት። እራት ይቅረብ፣ አብራችሁ ብሉ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ወረቀት ይዛችሁ ተቀመጡ። ግማሹን ያላመጡ ነገር ግን ትምህርት ሚኒስቴር የሚያወጣውን መቁረጫ ነጥብ ያሟሉ ተማሪዎች በማካካሻው ማለትም በሪሚዲያል ፕሮግራም ተምረው፣ ሲያልፉ ወደ አንደኛ ዓመት ይገባሉ። በግል ተፈታኝነት እንደገና መቀመጥም አለ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅም አለ፤ ጎበዝ ኤሌክትሪሺያን ለማግኘት ስንት ሳምንት እንደጠበቁ ካስታወሱ ይህ የተሸናፊ መንገድ እንዳልሆነ ይገባዎታል።

አንድ ነገር ግን በቸልታ አይለፉ። ልጅዎ ለቀናት ካልበላ፣ ካልተኛ፣ ከሰው ከሸሸ፣ ወይም «ባልኖር ይሻላል» የሚል ቃል ከተናገረ «ያልፋል» ብለው አይተዉት። ብቻውን አያድር። «ራስህን ልትጎዳ አስበሃል?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርበትም፤ እንዲያውም ሸክሙን ያቀልለታል። ሳይውሉ ሳያድሩም በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይውሰዱት። አዲስ አበባ ከሆኑ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። በጸበልና በጸሎት የሚያምን ቤተሰብም ሕክምናውን ጎን ለጎን ማስኬድ ይችላል።

እንግዲህ ወደዚያች ሌሊት እንመለስ። ሻዩ በእጅዎ ነው፤ የፊዚክሱ ገጽ አልተገለጠም። ሻዩን ያስቀምጡና አጠገቡ ይቀመጡ። «የቱ ነው ያስቸገረህ?» ይበሉት። ይንገርዎት። ባይገባዎትም እስኪጨርስ ይስሙት። ከዚያ መጽሐፉን ይዝጉና «ነገ ትቀጥላለህ፣ አሁን ተኛ ልጄ» ይበሉት። መብራቱንም ያጥፉለት።