የሣር ማጨጃ መኪና፦ አገዛዙ፣ አያያዙና የሚለወጥበት ጊዜ

ክረምቱ ሲገባ በቦሌ፣ በገርጂ፣ በሲኤምሲ፣ በሰሚትና በአያት ሰፈሮች ግቢ ያለው ሰው ሁሉ ስለ ሣሩ ማሰብ ይጀምራል። በበጋ ደርቆ የከረመው ሣር ሰኔ ላይ ዝናብ ካገኘ ወዲያው ያድጋልና፣ የማጨጃ መኪና የሌለው ለመግዛት፣ ያለው ደግሞ ለማሠራት ወደ ሱቅ ይመጣል። በዚያን ጊዜ አጥብቆ የሚፈለገው ዕቃ ግን ብዙውን ጊዜ ስለቱ፣ ካንዴላው፣ የአየር ማጣሪያውና የማስነሻ ገመዱ ነው። ስለዚህ መለዋወጫውን ሳያስከትል ወደ አገር የገባ መኪና ለገዢው የሁለት ክረምት ዕቃ፣ ለሻጩም የወቀሳ ምክንያት እንደሚሆን የተከበሩ አንባቢዎቻችን እንዲገነዘቡት ያስፈልጋል።

ጥቂት ስለ ታሪኩ

የሣር ማጨጃ መኪናን እ.ኤ.አ. በ1830 የፈለሰፈው ኤድዊን በዲንግ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። አሳቡንም ያገኘው በሱፍ ጨርቅ ፋብሪካ የጨርቁን ጠጉር አስተካክሎ ከሚከረክመው መኪና ነው። ዛሬ በብዛት የሚታየው፣ ስለቱ በክዳኑ ሥር አግድም የሚሽከረከረው ዐይነት በሰፊው የታወቀው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሲሆን፣ በአውስትራሊያ ቪክታ የተባለው ድርጅት ይህንኑ መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነበር።

በእኛም ከተማ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ በአካባቢው ሰፊ ግቢ ያላቸው ቪላዎች ተሠርተዋል። ከእነዚህም ብዙዎቹ ዛሬ በፎቅ ቤት ተተክተዋል። በአንጻሩ በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ከቦሌ ድልድይ እስከ መገናኛ ባለው መንገድ ዳር አዲስ ሣር ተተክሏል። ስለዚህም ሣር የሚያሳጭደው የቪላ ባለቤት ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

ስለ አመራረጥ

ገዢው በመጀመሪያ ሊያውቀው የሚገባው የከተማችንን ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። አየሩ ስለሚሳሳ የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ በመቶ 3 ያህል ወይም ጥቂት ከዚያ በላይ ያጣል፤ ይኸውም በአዲስ አበባ ሲደመር ወደ አንድ አራተኛ ይጠጋል። በወረቀቱ ላይ 4 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈው እዚህ 3 ያህል ብቻ ይሰጣል ማለት ነው። ከዚህም በላይ ካርቡራቶሩ ለቆላ አገር ተስተካክሎ የመጣ እንደ ሆነ ቤንዚኑ ይበዛበትና ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ካንዴላውም ቶሎ ይጠቁራል። ስለሆነም አስመጪው ከፋብሪካው ሲያዝ ለደጋ የሚሆን፣ ቀዳዳው የጠበበ የቤንዚን ማሳለፊያ አብሮ እንዲላክለት ይጠይቅ።

ግቢው ጠባብና ሜዳ ከሆነ በእጅ እየተገፋ የሚሠራው፣ ሞተር የሌለው መኪና ይበቃል። ቤንዚን አይጠይቅም፤ ከስለቱ መሳልና ከኩሽኔታው ዘይት በቀር ወጪም የለበትም። በኤሌክትሪክ የሚሠራውን የሚገዛ ሰው ደግሞ የአገራችን መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ መሆኑን ያስታውስ፤ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው 120 ቮልት ስለሆነ በቀጥታ ቢሰኩት ይቃጠላል። ገመድ ያለውን መኪና በእርጥብ ሣር ላይ መንዳት ለሕይወት ያሠጋል። በባትሪ የሚሠራው ጸጥተኛ ነው፤ በጀሪካን ቤንዚን መቅዳት ቁጥጥር ለበዛበት ለዚህ ዘመንም ይስማማል። ነገር ግን ባትሪው ለብቻው የማይሸጥ ከሆነ፣ ባትሪው በደከመ ቀን መኪናውም አብሮ ይሞታል።

ስለ አያያዝ

የሞተር ዘይት በአዲስነቱ ከ5 ሰዓት ሥራ በኋላ፣ ከዚያም ቢያንስ በየ50 ሰዓቱ ይለወጥ። ካንዴላው በዓመት አንድ ጊዜ ይቀየር። የአየር ማጣሪያው በአቧራማው በጋ ቶሎ ቶሎ ይታይ። ስለቱ በየ25 ሰዓቱ ይሳል፤ ሲሳልም ሁለቱ ጫፎቹ በክብደት እኩል መሆናቸው ይረጋገጥ፤ አለዚያ መንቀጥቀጡ የሞተሩን ዘንግ ይጎዳል። እጅ ወደ ስለቱ ከመግባቱ በፊት የካንዴላው ሽቦ መነቀል አለበት። መኪናውን ሲያጋድሉትም ካርቡራቶሩ ወደ ላይ ይሁን፤ ወደ ታች ከሆነ ዘይቱ ወደ ማጣሪያው ይፈሳል።

የክረምቱ ሥራ ሲያበቃ ቤንዚኑን በሙሉ ማውጣት ይገባል። ከወር በላይ የቆየ ቤንዚን እየተበላሸ ይሄድና ካርቡራቶሩን ይዘጋል፤ ሰኔ ላይ አልነሣ ከሚሉት መኪናዎች ብዙዎቹን የሚያስቸግራቸው ይኸው ነው። በአንድ ጊዜም ከሣሩ ቁመት ከሢሶው በላይ አለመቁረጥ ሣሩን ከመድረቅ፣ ሞተሩንም ከጭንቅ ያድናል።

የሚለወጥበት ጊዜ

ስለት፣ ገመድ፣ ችንጋና ካንዴላ ሲያረጁ መኪናውን መጣል አያስፈልግም፤ እነዚህ በተፈጥሯቸው አላቂ ናቸው። ነገር ግን የሞተሩ ዘንግ ድንጋይ መትቶት ከተጣመመ፣ ክዳኑ በዝገት ከተበሳ፣ ወይም ሞተሩ ዘይት እየበላ ጉልበቱን ከጨረሰ፣ የማሠሪያው ዋጋ ይጠየቅ። ዋጋው ከአዲሱ መኪና ዋጋ ግማሽ የሚበልጥ ከሆነ መለወጡ ይሻላል።

ለንግድ ሰዎች

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ፣ የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ደርሷል። በውድ ምንዛሪ የመጣ መኪና በአንድ ስለት እጦት ጥግ ይዞ ሲቀመጥ ጉዳቱ የገዢው ብቻ አይደለም፤ ገዢው ለጎረቤቱ የሚናገረው ቃል የሱቁን ስም ያበላሻልና።

እኔ በጸሐፊነት በምሠራበት የንግድ ቤት አንድ የሲኤምሲ ደንበኛ ክረምቱን ሙሉ መኪናውን አቁሞ ሣሩን በማጭድ ሲያሳጭድ ቆይቷል። በፋብሪካው ስም ብቻ ታዝዞ የመጣለት ስለት ርዝመቱ ትክክል ሲሆን፣ የመሐል ቀዳዳው ቅርፅ ከመኪናው ጋር አልገጠመም ነበር። ስለዚህ በሽያጩ ደረሰኝ ላይ በሞተሩ ገላ የተቀረጸው የሞዴል ቁጥር፣ የስለቱ ርዝመትና የመሐል ቀዳዳው ቅርፅ ይጻፍ፤ ግልባጩም በመዝገብ ይቀመጥ። ይህ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

አስመጪውም 10 መኪና ሲያዝ ቢያንስ 20 ስለት፣ 20 ካንዴላ፣ 10 የአየር ማጣሪያና 10 የማስነሻ ገመድ አብሮ ቢያዝ መልካም ነው። እነዚህ በመጋዘን ጥቂት ቦታ ይይዛሉ፤ መኪናው ከተሸጠ በኋላም ደንበኛው በየዓመቱ ወደዚያው ሱቅ እንዲመለስ ያደርጋሉ። ትእዛዙ ግን ዕቃው በባሕር ተጉዞ፣ ጉምሩክ አልፎ ከሰኔ በፊት ይደርስ ዘንድ ገና በበጋው መጻፍ ይኖርበታል፤ ሣሩ እንደሆነ ማንንም አይጠብቅም።