ማን ይሥራ፣ ማን ቤት ይዋል

አንድ ሰው የሚይዘው ሥራ፣ የሚገባበት ፈረቃና የሚሠራበት ቦታ አብረውት ከሚኖሩት ሰዎች ኑሮ ጋር የተሳሰረ ነው። ነርሷ የአዳር ተራ የምትቀበለው ከልጆቿ ጋር የሚያድር ሰው ካለ ነው። ባል በተሻለ ደመወዝ ሌላ ከተማ ሲመደብ ሚስት ሥራዋን ትለቅ ወይስ ተለያይተው ይኑሩ የሚለው ጥያቄ ይከተላል።

አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጋሪ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው ጥናት፣ ቤተሰብ እንደ ገንዘቡ ሁሉ ጊዜውንም እንደሚደለድል አሳየ፤ ውጭ የተሻለ የሚከፈለው ውጭ ይሠራል፣ ሌላው ወደ ቤት ሥራው ያደላል። ስሌቱ ግን ቤተሰቡ በአንድ ልብ እንደሚያስብ ይቆጥራል። ትዳር ሁሉ እንዲያ ቢሆን ሽማግሌዎች ሥራ በፈቱ ነበር። ፈረንሳዊው ፒየር አንድሬ ሺያፖሪና ሌሎች ተመራማሪዎች ኋላ ላይ ቤትን የየራሳቸው ፍላጎት ያላቸው ሰዎች የሚደራደሩበት አድርገው አጠኑት። እዚህ ላይ የራሱ ገቢና ንብረት ያለው ሰው ቃሉ ይሰማል።

ሕግም ከድርድሩ ውጭ አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ ያደርግ ነበር፤ ከተጋቢዎቹ አንዱ ለቤተሰቡ ጥቅም ሲል የሌላውን ሥራ መቃወም እንደሚችልም ደንግጎ ነበር። አነጋገሩ ለሁለቱም እኩል ቢመስልም፣ የጋራ ንብረቱ በባል እጅ በሆነበት ቤት ተቃውሞው ማን ላይ እንደሚያርፍ አያጠያይቅም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን የመቃወም መብት አስቀረ፤ የሴቶችን የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ አደረገ፤ የጋራ ንብረትን አስተዳደርም ለሁለቱም ሰጠ። ለውጡ በመላ አገሪቱ በአንድ ጊዜ ሥራ ላይ ስላልዋለ ለተመራማሪዎች ጥሩ ማነጻጸሪያ ሆነ። ሜሪ ሃልዋርድ ድሪማየርና ኡስማን ጋጂጎ ባደረጉት ጥናት፣ አዲስ አበባና ድሬዳዋን ጨምሮ ሕጉ ቀድሞ በጸናባቸው አካባቢዎች ሴቶች ከቤት ውጭ፣ በሙሉ ሰዓትና በደመወዝ የመሥራት ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

ሌላው ሕግ ደግሞ ወደ ተቃራኒው ይገፋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ሲሰጥ፣ የአባት ፈቃድ 3 ተከታታይ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ሕፃኑን ማን ይያዝ የሚለው ብዙም የሚያወያይ አይሆንም።

ድርድሩ ከባልና ሚስትም ያልፋል። አያት ከገጠር ስትመጣ እናት ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። የቤት ሠራተኛ የማታ ትምህርት ስትጀምር አሠሪዋ ከቢሮ የምትወጣበት ሰዓት ይለወጣል፤ ሠራተኛዋ ድንገት ከወጣች ሌላ እስክትገኝ ፈቃድ የምትጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ ሚስት ናት። የባል ገቢ ሲቋረጥ ቤት ትውል የነበረች ሚስት ጉልት ልትወጣ ትችላለች። ዐረብ አገር የሄደች ልጅ የምትልከው ገንዘብም ታናናሾቿን ትምህርት ቤት ያቆያል፣ ወይም ወንድሟን ከቀን ሥራ አውጥቶ ባጃጅ ያስገዛዋል።